ነርሷ ብትሆንስ?

ለሊሴ የደወለችልኝ ከሥራ ወደምኖርበት ወደ ሆፕኪንስ በሚመልሰኝ አውቶቡስ ውስጥ ሳለሁ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለዋልኩ ጫማዬን ከተረከዜ አላቅቄ፣ መጽሐፌ ጭኔ ላይ እንደተከፈተ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነበር። "አንቲ" አለች፤ ከዚያ ቃል አጣች። ለሊሴ እዚሁ ሚኔሶታ የተወለደች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ስትናገር ትደናቀፋለች። "ዳዲ..." አለችና የቀረውን በእንግሊዝኛ ጨረሰችው። አባቷ ጋሽ ቶሎሳ ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አርፏል።

ያን ጊዜ አላለቀስኩም። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ቦርሳዋን ሳብ አድርጋ በሌላ ጎኗ ስታስቀምጥ አየሁ። ቦታ ልትለቅልኝ ይሆናል። ወይም ሌላ ነገር ይሆናል። ጋሽ ቶሎሳ ቢኖር "የትኛው እንደሆነ ራሷም አታውቀው፣ ተያት" ይለኝ ነበር።

በማግስቱ ቡርንስቪል ወዳለው ቤቱ ለለቅሶ ስሄድ ሥራ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። የዕድሩ ሊቀ መንበር አቶ ፍቅሬ "የሕይወት ታሪካቸውን አንቺ ጻፊ፤ ከመሃላችን መጽሐፍ የምታነቢው አንቺ ነሽ" አሉኝ። የቀብር ላይ ታሪክ አጻጻፉ የታወቀ ነው። ተወለደ፣ ተማረ፣ አገባ፣ ወለደ፣ አረፈ። አቶ ፍቅሬ ከጎኔ ተቀምጠው ያስታውሱኛል።

"'ለሰው ሁሉ እኩል የነበሩ' የሚለውን እንዳትረሺ።"

"እሱን አልጽፍም" አልኩ።

"ለምን?"

"እውነት ስላልሆነ።"

ለቅሶ ቤት ውስጥ የማይባል ነገር ማለቴ የገባኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው። አቶ ፍቅሬ ዓይናቸውን ወደ በሩ ወሰዱ። ለሊሴም ወደ ማድ ቤት ጠርታኝ የራሷን አስታወቀችኝ፦ "ፕሊስ አንቲ፣ የፋርማሲውን የኤችአይቪ ሥራ ተይው። ሰው ዳዲ በዚያ የሞተ ይመስለዋል።"

ስለዚህ በቀብሩ ላይ የተነበበው አንድ ገጽ ነው። "እኩል" የሚል ቃል የለበትም፣ ኤችአይቪም የለበትም። እዚህ የምጽፈው ከዚያ ገጽ የቀረውን ነው።

ጋሽ ቶሎሳን ያወቅሁት በደቡብ ሚኒያፖሊስ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ቴክኒሺያን ሆኜ ስቀጠር ነው። ፋርማሲስቱ እሱ ነበር። የወለጋ ሰው ነው፤ አማርኛው ኦሮምኛ ኦሮምኛ ይላል፤ አጭር፣ ወፍራም ጣቶች ያሉት፣ ነጭ ጋውኑን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ። የፋርማሲ ትምህርቱን የተማረው ቡልጋሪያ ነው። እዚህ መጥቶ ፈተናውን እንደገና እስኪያልፍ ድረስ አየር ማረፊያ የሰው መኪና ሲያቆም ኖሯል። ስለዚያ ዘመን ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፦ "ፓርክ አደረግሁ።"

መጀመሪያ አንቱ እለው ነበር። አልወደደውም። "እዚህ አገር ፕሬዚዳንቱ እንኳ አንተ ነው የሚባለው፤ እኔን ለይተሽ ለምን ታስረጂኛለሽ?" አለኝ። እኔን ደግሞ ፕሮፌሰር ብሎ ሰየመኝ። ከአርባ ዓመቴ በኋላ ኮሌጅ ገብቼ፣ ሰው ባልመጣበት ሰዓት ከካውንተሩ ሥር መጽሐፍ ስለማነብ ነው። ስሙ ቀልድ ነበር፤ ግን በፈተናዬ ሳምንት የኔን መደርደሪያ እሱ ይደረድርልኝ ነበር።

ሦስተኛዋ ሰናይት ናት፤ ገንዘብ መቀበያው ላይ የምትሠራው። ምላሷ አያርፍም። አንድ ቀን ሁለት ወጣቶች ገብተው ሲወጡ "እነዚህ ብላኮች ሲገቡ ልቤ ድው ድው ይላል" አለች።

ጋሽ ቶሎሳ ክኒን ከሚቆጥርበት ቀና ሳይል "አንቺ ምንድነሽ?" አላት።

"ምን ማለት ነው? እኔ ሐበሻ ነኛ።"

"እሺ። ፖሊስ መኪናሽን ሲያስቆም መስኮቱን ዝቅ አድርጊና ይህንኑ ንገሪው።"

ሰናይት ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። በዚያን ጊዜ ይህን የሚናገረው ራሱን ነጻ አድርጎ ነው። ማድላት የሰናይት ችግር እንጂ የሱ አይመስለውም ነበር። እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው።

ከዚያ ሥልጠናው መጣ። ፋርማሲዎቹን የሚያስተዳድረው ኩባንያ ሠራተኞቹን ሁሉ ለግማሽ ቀን ሰብስቦ፣ ሰው ሳያውቀው በልቡ ስለሚያዳላው ማዳላት አስተማረን። በመጨረሻ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡን። የነጭና የጥቁር ሰው ፊት ብልጭ ይላል፣ ደግና ክፉ ቃል ብልጭ ይላል፣ አንቺ ፊቱንና ቃሉን እያጣመርሽ ቶሎ ቶሎ ቁልፍ ትጫኛለሽ። ጋሽ ቶሎሳ ሲጨርስ ኮምፒውተሩ ወደ ነጮች ያዘነብላል አለው።

በመኪናው ስንመለስ ፊቱ ቀልቷል። "እኔን! ይሄን ቆዳ ይዤ! ማሽኑ አላየኝም እንዴ?"

"ማሽኑ ማንንም አያይም፤ የሚለካው ጣትህን ነው" አልኩት።

"ጣቴ ወፍራም ነው። ቁልፉን ስቷል።"

ለሳምንታት ይህ መቀለጃችን ሆኖ ሰነበተ። አንድ ነገር ሲበላሽ "ጣቴ ወፍራም ነው" እንባባላለን። ቀልዱ ያለቀበትን ቀን ግን አስታውሳለሁ።

በሚኔሶታ ሕግ ፋርማሲ መርፌ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ ይችላል። አደንዛዥ ዕፅ የሚወጉ ሰዎች አንዱን መርፌ እየተቀባበሉ ኤችአይቪ እንዳይዛቸው ነው። መሸጥ ይችላል እንጂ ግድ የለበትም፤ የሚወስነው ካውንተሩ ላይ የቆመው ሰው ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የብስክሌት ቆብ ያጠለቀ ነጭ ልጅ መርፌ ጠየቀ፤ ጋሽ ቶሎሳ ከረጢት ውስጥ ከትቶ ሰጠው። ቀጥላ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ያንኑ ጠየቀች።

"ስኳር አለብሽ?" አላት።

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ወደ በሩ፣ ወደ ወጣው ልጅ በአገጯ አመለከተችና "እሱን አልጠየቅኸውም" አለች።

ሸጠላት። ከሄደች በኋላ እጁ ካውንተሩ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ቆይቶ "ጣቴ አይደለም" አለ።

በማግስቱ አዲስ ዘዴ ይዞ መጣ። ጋሽ ቶሎሳ ቅርቡን እንጂ ሩቁን አያይም። ማዘዣና ሌብል ያለ መነጽር ያነባል፤ ካውንተሩን ተሻግሮ ያለ ሰው ግን ይደበዝዝበታል። ስለዚህ ሰው ሲመጣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ መስቀል ጀመረ።

"ምን ሆነሃል?" አለችው ሰናይት።

"አሁን ሁሉም ጭጋግ ነው። ለጭጋግ ማን ያዳላል?"

እውነቱን ለመናገር ዘዴው ውብ መስሎኝ ነበር። እንግዶቹ ግራ ይጋባሉ፤ አንዳንዱ የሰከረ ይመስለዋል። እሱ ግን ወረቀቱን አፍንጫው ላይ ለጥፎ ያነብና ለሁሉም በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ በአንድ ዓይነት ቃል ይመልሳል። ደስ ብሎት ነበር። ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ እንኳ ቀለል ብሎት እንደሚሄድ ከአረማመዱ ይታወቅ ነበር።

በዚያው ሰሞን ነርሷ መጣች። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት የምትሠራ፣ ወርቃማ ጸጉር ያላት ልጅ ናት። የታካሚ ደም የነካ መርፌ ጣቷን ወግቷታል። ለእንዲህ ያለ አደጋ መድኃኒት አለ። ሰው በዚያው ሰዓት፣ ቢዘገይ በሦስት ቀን ውስጥ ከጀመረው፣ ኤችአይቪ ሥር ሳይሰድ ሊያስቀርለት ይችላል። ከዚያ ካለፈ አይጠቅምም። እኛ ዘንድ መድኃኒቱ አልነበረም። ልጅቷ ቴሌቪዥን ላይ ዜና እንደሚያነቡት ሴቶች ጥርት ባለ እንግሊዝኛ እያወራች፣ መሃል ላይ አለቀሰች።

"ቁጭ በይ" አላት ጋሽ ቶሎሳ፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ እንዳለ። "እኔው አመጣልሻለሁ።" ለምሳ እረፍቱ ሊተካው የመጣውን ፋርማሲስት ካውንተሩ ላይ አቁሞ፣ መሃል ከተማ ካለው የሆስፒታል ፋርማሲ ራሱ ነድቶ አመጣላት። ልጅቷ እጁን በሁለት እጇ ይዛ አመሰገነችው። ያን ቀን ሁላችንም በሥራችን ኮራን።

ወር ያህል ቆይቶ፣ ከተማችን ውስጥ የሚሲሲፒ ወንዝ ድልድይ ከመደርመሱ በፊት በነበረው ሰመር፣ አንድ ዓርብ ማርከስ መጣ። ማርከስ እለዋለሁ፤ ስሙ ሌላ ነው። ረጅም፣ የመጋዘን ሥራ ልብስ የለበሰ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ከድንገተኛ ክፍል የተጻፈለትን ማዘዣ አጥፎ ይዟል። ጋሽ ቶሎሳ መነጽሩን ሰቀለ፣ ወረቀቱን አፍንጫው ላይ ለጠፈ።

"የለንም። የምናዘው ሰኞ ይገባል። ሰኞ ና።"

"ሰኞ?"

"ሰኞ።"

"እሺ" አለ ማርከስ፤ ድምፁ ወፍራምና ዝቅ ያለ ነው። ወረቀቱን ትቶ፣ እጁን ኪሱ ከቶ ወጣ። አልተከራከረም። የማይከራከር ሰው ነገሩ የማያስጨንቀው ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን ድሮ ተከራክሮ የሰለቸው ነው።

ጋሽ ቶሎሳ ሌላ ሥራ ሠራና ቆይቶ መድኃኒቱን ለማዘዝ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። የመድኃኒቱን ስም ሲጽፍ ባለፈው ወር ያን መድኃኒት ለማን እንደሰጠን ስክሪኑ ላይ ወጣ። መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ።

"ፕሮፌሰር፣ ያችን ነርስ ምን ነበር ያልኳት?"

"ቁጭ በይ፣ እኔው አመጣልሻለሁ አልካት።"

"ይሄን ልጅስ?"

ሰናይት ከወዲያ "ሰኞ ና" አለች።

"እንዴት? ፊቱን አላየሁትም። እምላለሁ፣ ጥቁር ይሁን ነጭ አላየሁም።" ከዚያ እጁ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮው ሄደ። ጆሮውን ይዞ ቀረ። "ሰማሁት" አለ። "ዓይኔን ስጠብቅ በዚህ ገባ።"

የማርከስን ስልክ ደወለ፤ ተቋርጧል። ማዘዣውን የጻፈውን ሐኪም አገኘው፤ ነገሩ የደረሰው ሐሙስ ማታ ነው። ሰኞ ማለት በሩ ከተዘጋ በኋላ ማለት ነው። ምን እንደደረሰበት ሐኪሙ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ሰናይት ብቻ "ምን አድርጎ ይሆን?" ስትል፣ ጋሽ ቶሎሳ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ "ነርሷን 'ምን አድርገሽ ነው' ብለሻታል?" አላት።

ማዘዣው ላይ የቤቱ አድራሻ ነበረ። ተተኪው ፋርማሲስት ሲገባ ጋሽ ቶሎሳ ቁልፉን አነሳ።

"እቤቱ ልትሄድ? ኩባንያው ይከለክላል እኮ" አለች ሰናይት። "ያባርሩሃል።"

"መኪና ማቆም አልረሳሁም።" ወደኔ ዞረ። "አንቺም ነይ።"

"እኔ ምን አደርጋለሁ?"

"ይቅርታ ለመጠየቅ ሰው ሳይዝ የሚሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሽማግሌዬ ነሽ።"

እንግዲህ በዚያ ሁኔታ ነው፣ ሁለት አፍሪካውያን ነጭና ሰማያዊ ጋውናችንን እንደለበስን፣ መድኃኒቱን ከሆስፒታሉ ወስደን ሰሜን ሚኒያፖሊስ አንድ ደረጃው የተሰነጠቀ ቤት በር ላይ የቆምነው። ፀሐዩ ገና አልበረደም። የማርከስ እናት በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈተችው።

"ምን ፈልጋችሁ ነው?"

"ከፋርማሲ ነን፤ ልጅዎን ማርከስን ፈልገን ነበር" አለ ጋሽ ቶሎሳ።

"ሱቅ ውስጥ ስትከተሉት መዋላችሁ አልበቃ ብሎ እቤት ድረስ መጣችሁ? ምን ሰረቀ አላችሁ ደግሞ?"

"ምንም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"ምን አጠፋህ?"

እዚህ ላይ አፉ ተያዘ። የመድኃኒቱን ነገር ለእናቱ መንገር አይችልም። "ለሱ ነው የምነግረው" አለ። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችን። "እንግዲያው ጠብቁት" ብላ በሩን ዘጋች።

ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ጋሽ ቶሎሳ ከፊት ለፊቱ ካለው የግቢው መስክ ሣር ይነቅል ጀመር፤ አንድ እፍኝ እርጥብ ሣር። እሱ ባደገበት አገር ይቅርታ የሚለምን ሰው በእጁ እርጥብ ሣር ይይዛል። ሲነቅል ልብ ያለው አይመስለኝም። በሩ እንደገና ተከፈተ።

"ሣሬን ለምን ትነቅላለህ?"

"ይቅርታ፣ እሜቴ።"

"ይሄኛውም ይቅርታ፣ ያኛውም ይቅርታ!" አለች። ቢሆንም ትንሽ ቆይታ ወንበር ይዛ ወጣችና ለኔ ሰጠችኝ። ለሱ "ላንተ አይደለም" አለችው። እሱም "ልክ ነዎት" ብሎ ደረጃው ላይ ቀረ።

ማርከስ ከአውቶቡስ ወርዶ ሲመጣ ከሩቅ አየነውና ወደ መኪናው ሄደን ጠበቅነው፣ እናቱ እንዳትሰማ። አወቀን። ፊቱ ተቆለፈ።

"ሰኞ ና ብዬህ ነበር" አለው ጋሽ ቶሎሳ። "ሰኞ ይረፍድብሃል። ሐኪሙ አልነገረህም?"

"ነግሮኛል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?"

"ካውንተር ላይ እኔ ድምፄን ከፍ ባደርግ ቀጥሎ የሚመጣው ምን እንደሆነ ታውቃለህ" አለ ማርከስ።

ጋሽ ቶሎሳ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እንግሊዝኛው የቻለውን ያህል ሁሉንም ነገረው። "ባለፈው ወር ይህንኑ መድኃኒት ለሌላ ሰው ነድቼ ሄጄ አመጣሁ። ላንተ ሰኞ ና አልኩ። ሁለታችሁ አንድ ዓይነት ወረቀት ነው የያዛችሁት። ሌላ ምክንያት ፈለግሁ፣ አጣሁ። ይቅርታ አድርግልኝ።"

ይህን ሲል ሣሩ በእጁ እንዳለ ነው። ማርከስ ወደ ሣሩ ተመለከተ።

"እሱ ምንድነው?"

"የኛ አገር ነገር ነው። ተቀበለኝ።"

ማርከስ ወደኔ ዞረ፣ ይህ ሰው ጤነኛ ነው ወይ እንደማለት። እኔም ሽማግሌ አይደለሁ? "ውሰድለት" አልኩት። ሣሩን ወሰደ። ቀጥሎ መድኃኒቱን ወሰደ። ጋሽ ቶሎሳ አወሳሰዱን እየደጋገመ፣ ሊያቅለሸልሸው እንደሚችል፣ ቢያቅለሸልሸውም እንዳያቋርጥ፣ ሲጨርስ የት ሄዶ እንደሚመረመር አስረዳው። የመጀመሪያውን ክኒን እዚያው እኛ በያዝነው ውሃ ዋጠ።

"እናቴ አውቃለች?"

"ከኔ አልሰማችም።"

ማቀፍ የለ፣ መጨባበጥ የለ። ማርከስ ወደ ቤቱ ገባ፤ እኛ መኪናችን ውስጥ ገባን። ጋሽ ቶሎሳ ሞተሩን ሳያስነሳ መሪውን ይዞ ተቀመጠ። "ለዚህ ሣር ያዝኩለት" አለ። "ሳላውቅ ሰኞ ኑ ያልኳቸውስ ስንት ናቸው?" ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ሆፕኪንስ አደረሰኝ።

ከዚያ ቀን ወዲያ መነጽሩ ግንባሩ ላይ አልወጣም። "ጭጋግ አይሠራም፤ ሰውየውን ማየት ነው ያለብኝ፣ ራሴንም እያየሁ" አለ። ሌላ ዘዴ አበጀ፤ ዘዴም ከተባለ። አንድን ሰው "የለም"፣ "ቆይ"፣ "ሰኞ ና" ከማለቱ በፊት ለራሱ "ነርሷ ብትሆንስ?" ይላል። እኛንም አስለመደን። መርፌ የሚጠይቅ ሲመጣ፣ ኢንሹራንሱ የተበላሸበት ሲመጣ፣ ኮንዶም ሲገዛ አንገቱን የሚደፋ ሲመጣ፣ ወይ እሱ ወይ እኔ በአማርኛ "ነርሷ" እንላለን። እንግዳው አይሰማንም። ሰናይት "ይቺ ነርስ ገደለችን፤ ደመወዝ ሳይከፈላት አለቃ ሆነች" ትል ነበር።

አሸነፈ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አላሸነፈም። ከሰዓት በኋላ፣ ሰልፉ ሲረዝምና እግራችን ሲያብጥ፣ ድምፁ ለአንዱ ሲለሰልስ ለሌላው ሲደርቅ እሰማዋለሁ። "ጋሽ ቶሎሳ፣ ነርሷ" እለዋለሁ። አንዳንዴ ዓረፍተ ነገሩን ከመሃል አቁሞ እንደገና ይጀምራል። አንዳንዴ ይቆጣል፦ "ዛሬ ደክሞኛል! ነርሷን ከላዬ አውርጂልኝ!" ከዚያ ሰውዬው ወደ በሩ ሳይደርስ ይጠራዋል። በዚያ ሰዓት ጉንጩን የመዳሰስ ልማድ ነበረው። ጠዋት የተላጨው ጢም ከሰዓት በኋላ ይሻክራል። ይዳስሰውና "በቅሏል" ይላል። ስለ ጢሙ ብቻ እንዳልሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። ጠዋት ይላጫል፣ ከሰዓት "በቅሏል" ይላል። ጡረታ እስኪወጣ እንዲሁ ነበር። ኩባንያው ወደዚያ ቤት መሄዳችንን አላወቀም፤ አሁን ይወቅ፣ እሱን ከእንግዲህ የሚያባርረው የለም።

ማርከስ ሌላ ፋርማሲ መጠቀም ጀመረ። አልፈረድንበትም። በኛ ሥራ ደግሞ መጨረሻው አይታይም፤ ሰው መድኃኒቱን ይዞ በበሩ ይወጣል፣ በቃ።

ከቀብሩ በኋላ ባለው ቅዳሜ ጋራዡ ተከፍቶ፣ ተጣጣፊ ወንበሮች ተደርድረው፣ ሰው ጢም ብሎ ነበር። አንድ ረጅም ጥቁር ሰው የትንሽ ልጅ እጅ ይዞ ከመንገድ ወደኛ ሲመጣ አቶ ፍቅሬ አዩና ወደ ሰዉ ዞረው "ፒዛ ያዘዘ አለ?" አሉ።

እኔ ገና ስነሳ ሰናይት ቀደመችኝ። "አቶ ፍቅሬ! ነርሷ ብትሆንስ፣ ፒዛ ይሉ ነበር?"

"የቷ ነርስ?"

ማንም አልገባውም፤ እኔና እሷ ብቻ ተያየን። የመጣው ማርከስ ነው። ወፍሯል፣ ጢም አብቅሏል። የሞቱን ዜና የሰማው ከእናቱ ነው፤ እሷ ከዚያች ቀን ወዲህ መድኃኒቷን ከኛ ነው የምትወስደው፣ ሰናይት ነግራታለች። እጁን ይዤ ከለሊሴ ጎን፣ ዘመድ ከሚቀመጥበት ረድፍ አስቀመጥኩት። ሴት ልጁ ጭኑ ላይ ወጣች።

ለሊሴ በእንግሊዝኛ "አባቴን እንዴት አወቅከው?" አለችው። ወሬው ሁሉ ቆመ። እንግዳ ሰው ሲጠየቅ ማን ያወራል? የሱን ነገር ያቺ ፋርማሲና እኛ ብቻ ነን የምናውቀው፤ ውሸት ፈጥሬ ልቀድመው አስቤ ነበር።

"አንድ ጊዜ እቤታችን መጥቶ ይቅርታ ጠይቆኛል" አለ ማርከስ።

አቶ ፍቅሬ እንግሊዝኛ ለማይሰሙት ተረጎሙ። "ይቅርታ ጠይቀውት ነበር ይላል።"

"ውይ፣ ምን አድርገውት?" አሉ ከኋላ አንዲት እናት።

ጥያቄው በለሊሴ በኩል ተመልሶ ደረሰው። ማርከስ የልጁን ጫማ ማሰሪያ አጠበቀ።

"ሰኞ ና ብሎኝ ነበር" አለ።

አቶ ፍቅሬ ተረጎሙ። ሴቶቹ ተያዩ። "ይኸው ነው? ለዚህ ነው ይቅርታ የጠየቁት?" አሉ እናትየዋ።

ለሊሴ ሳትተረጉምለት ማርከስ ከድምፃቸው ገብቶት ራሱን ነቀነቀ።

"አዎ። ሰኞ ና ብሎኝ ነበር። ዓርብ እሱ ራሱ መጣ።"